«ቆንጆ» በምኑ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በኮምቦልቻ የ9ኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው ስለ ትውልድ አካባቢያቸው ሲጽፉ «ቆንጆ»፣ «ጥሩ»፣ «ትልቅ» እና «በጣም» ከሚሉት ቃላት አልወጣ ስላሉ፣ አራቱን ቃላት ከልክለው ተመሳሳይ ቃላትን በሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው፤ የመጣላቸው ድርሰት ግን ከቀድሞው የባሰ ሆነባቸው። «የትኞቹን ተመሳሳይ ቃላት ብሰጣቸው ይሻላል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደሴ ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ብዙ ዓመት የቆየሁ አርታኢ ነኝ። እርስዎን የገጠመዎት ነገር በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣ ስለሆነ፣ ምላሼ ቢረዝምብዎ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ከጥያቄዎ ጋር የላኳቸውን ሁለት የድርሰት መነሻዎች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ከክልከላው በፊት ተማሪው «የተወለድኩበት አካባቢ በጣም ቆንጆ ነው። ትልልቅ ተራራዎች አሉ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፤ አየሩም ጥሩ ነው» ብሎ ነበር። ከክልከላው በኋላ ደግሞ «የተወለድኩበት አካባቢ እጅግ ውብ፣ ማራኪና ድንቅ ነው። ግዙፍ ተራራዎች አሉ። ሰዎቹ ምርጥ ናቸው፤ አየሩም ግሩም ነው» አለ። ግምትዎ ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያው ልጁ ከእናቱ ጋር ሲያወራ የሚናገረው አማርኛ ስለሆነ ቢያንስ የራሱ ድምፅ አለበት። ሁለተኛው ስለ አካባቢው አንዲት አዲስ ነገር ሳይጨምር ያንን ድምፅ አጠፋው። የቦታውን ስም ቀይረን ለጎንደርም ለጂንካም ብንሰጠው ያለ እርማት ያገለግላል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልሴ ዝርዝር አይስጧቸው የሚል ነው። ዝርዝር መስጠት የልጆቹን ችግር የቃል እጥረት አድርጎ መቁጠር ነው። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። «ቆንጆ» እና «ጥሩ» ፍርድ ናቸው፤ ፍርድ ደግሞ በአገራችን ልማድ ምስክር ከተሰማ በኋላ የሚሰጥ ነው። ተማሪው ምስክሩን ሳያሰማን ፍርዱን ይነግረናል፤ እርስዎ ፍርዱን ሲከለክሉት ያንኑ ፍርድ በሌላ ቃል ይደግመዋል። በእርማት ሥራዬ እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥመኝ በኅዳጉ ላይ «በምኑ?» ብዬ ከመጻፍ በቀር ሌላ አላደርግም። አካባቢው ቆንጆ ነው፤ በምኑ? ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፤ በምናቸው? ጸሐፊው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ትክክለኛው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ መልስ ሲያጣ ግን ገና ልብ ብሎ ያላየውን ነገር ለመጻፍ እንደ ተቀመጠ እንረዳለን፤ እንዲህ ላለው ጸሐፊ ደግሞ የትኛውም የቃላት ዝርዝር አይደርስለትም።

ልጆቹ ይህን ማድረግ አይችሉም ብለው እንዳይሠጉ። ያደጉት ቃልን በትክክል በሚጠቀሙ ሰዎች መካከል ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደው ወይም እዚያው ከትምህርት ቤትዎ አጠገብ የእህል ተራ ቆመው ያድምጡ። ጤፍ ሻጭ «ጥሩ ጤፍ» ብሎ ብቻ ገዢ አያሳምንም፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያለ ይለያል፤ ሰርገኛውን ማኛ ነው ብሎ ቢሸጥ ውሸቱ ወዲያው ይያዝበታል። ቅቤው ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይም በሳል ነው፤ ለጋ የፈለገች ሴት በሳል ቢሰጧት አሽትታ ትመልሳለች። ከብት ተራ ሲደርሱ ደግሞ ላሟ ጊደር ናት ወይስ ጥገት፣ ነጥፋለች ወይስ መሲና ናት፣ በሬው ገና ወይፈን ነው ወይስ እርሻ የለመደ የሚለው ሳይለይ ዋጋ አይጠራም። መልኩም ቢሆን ስም አለው፤ አመድማው ዳልቻ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነው ጉሬዛ፣ ዝንጉርጉሩ ቡሬ ይባላል፤ ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ደግሞ ቦራ ነው። በዚህ ሁሉ ንግግር መካከል «ቆንጆ ላም ናት» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው ወይ ለከብት እንግዳ ነው፣ ወይ ገዢው እንዳያይበት የሚፈልገው ነገር አለ።

የገበያ አማርኛ እንዲህ የጠራው በእያንዳንዱ ቃል ላይ ገንዘብ ስላለበት ነው። ተማሪዎ ይህን አማርኛ ያውቀዋል። እናቱ የጋገረችው እንጀራ ዓይናማ መሆኑንና አለመሆኑን ከሩቅ አይቶ ይናገራል። ድርሰት ጻፍ ሲባል ግን ዓይናማ፣ ዳልቻና ሰርገኛ የሚባሉትን ቃላት ከክፍሉ ደጃፍ ላይ ትቶ ይገባና፣ ለጽሑፍ የተፈቀዱ የሚመስሉትን «ውብ» እና «ማራኪ»ን ያነሣል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ልጁ ሀብታም ሆኖ ሳለ በክፍል ውስጥ ራሱን ድኻ ያደርጋል።

በሰሌዳው ላይ የጻፏቸው ቃላትም እርስ በርሳቸው የሚተካኩ እንዳልሆኑ ልጆቹ ቢያውቁት እወዳለሁ። «ማራኪ» ማረከ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ዐይንን ወይም ልብን ይዞ የሚያስቀር ነገር ማራኪ ነው፤ ልጁ በየቀኑ ቀና ብሎ ሳያየው የሚያልፈውን ጋራ ማራኪ ነው ቢለን ማን እንደ ተማረከ አናውቅም። «ግሩም» በግእዝ የሚያስፈራ፣ ግርማው የሚያስደነግጥ ማለት ነው፤ በዛሬ አነጋገር ትርጉሙ ቢለዝብም መነሻውን የሚያውቅ ጸሐፊ ለሞቃት አየር አይሰጠውም። «ምርጥ» የተመረጠ ማለት ስለሆነ ከምን መካከል የሚል ጥያቄ ያስከትላል፤ ገበሬው «ምርጥ ዘር» ሲል በትክክል ይጠቀምበታል፣ «ምርጥ ሰዎች» ሲባል ግን መራጩም ያልተመረጡትም አይታወቁም። «አስደናቂ»፣ «አስገራሚ» እና «አስደሳች» ደግሞ ሦስቱም በ«አስ» የሚጀምሩ፣ ነገሩ በተመልካቹ ላይ ያደረገውን የሚናገሩ ቃላት ናቸው። አንባቢው ስለ ነገሩ ለማወቅ ፈልጎ ሳለ ስለ ጸሐፊው ስሜት ይነገረዋል።

«ጥሩ ሰው» የሚለው ሐረግ ሰፋ ያለ ጊዜ ቢሰጠው ይገባዋል፤ በእኔ ልምድ ልጆች «በምኑ?» የሚለውን ጥያቄ ቶሎ የሚረዱት በሰው ላይ ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ እጅግ የበለጸገ ነው። ደግ ሰው በክፋት የማያስብ፣ ለሰው መልካም የሚሠራ ነው፤ ቸር ሰው ካለው ላይ የሚሰጥ ነው፤ ለጋስ ሲሰጥ እጁን የማይሰበስብ ነው። ርኅሩኅ የሌላው ሥቃይ የሚያመው ሲሆን ምናልባት የሚሰጠው ነገር እንኳ ላይኖረው ይችላል። ቅን ሰው ነገርን በቀናው የሚያይ ነው፤ የዋህ ደግሞ ተንኮል የማያውቅ ነው፤ ነገር ግን «የዋህ» ብለን ስለ አንድ ነጋዴ ብንጽፍ አንባቢው ይታለላል ማለታችን ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። ጭምት ሰው ድምፁን የማያሰማ፣ ትሑት ግን ቢናገርም ራሱን ከፍ የማያደርግ ነው። ሁለት ቃል የተጣመረባቸውም አሉ፤ ብዙ ችሎ የሚያልፈው ሆደ ሰፊ፣ በትንሽ ነገር የሚከፋው ሆደ ባሻ፣ በራሱ የሚተማመነው ልበ ሙሉ፣ ሰው ፊት የሚያፍረው ዐይነ አፋር፣ ንግግሩ የተቃናለት አንደበተ ርቱዕ ይባላል። አንድ ተማሪ አያቱን «ጥሩ ሴት ናት» ብሎ ቢጽፍ፣ ከእነዚህ ውስጥ የትኛዋ እንደ ሆነች ይጠይቁት። ካሰበ በኋላ «ሆደ ሰፊ ናት» ካለ፣ ቀጥሎ የሚጽፈው አያቱ የቻለችውን ነገር ይሆናል፤ አንዲቱ ቃል ተከታዩን ዐረፍተ ነገር ይዛ ትመጣለች።

በእኛ አካባቢ ያለ ጸሐፊ በዚህ ላይ የራሱ ቃላትም አሉት። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የከፋውን ሰው «አብሽር» ይለዋል። ይህን «አይዞህ» በሚለው ተክተው እንዲጽፉ ተማሪዎችን የሚያርሙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ አልስማማም። «አይዞህ» የሚያበረታ ቃል ነው፤ «አብሽር» ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ ከመነሻው መልካም ወሬ ይድረስህ፣ ደስ ይበልህ የሚል ስሜት አለው። የሚተካካ የሚመስለን ሁለት ቃል ከሥሩ ሲታይ እንዲህ ይለያያል፤ ልጁ በመንደሩ የሰማው «አብሽር» ከሆነ ይህንኑ ይጻፍ።

ስለ ወሎ ውበት የሚጻፈውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ስለ አገራችን የሚመጡልኝ ጽሑፎች ብዙዎቹ «ወሎ የቆንጆዎች አገር» ብለው ጀምረው እዚያው ያቆማሉ። ለአንዲት ሴት መልክ ቃል የጠፋ ይመስል! ጠይም ናት ወይስ የቀይ ዳማ? አፍንጫዋ ሰልካካ ነው? ፀጉሯ ዞማ ነው ወይስ ከርዳዳ? ቁመቷ ለግላጋ ነው? ጥርሰ ፍንጭት ናት? «መልከ መልካም» እና «ደም ግቡ» እንኳ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የፊትን አቀማመጥ ያያል፣ ሁለተኛው ደም የገባበትን፣ ሕይወት ያለውን ፊት ያያል፤ መልኳ እንከን ባይወጣለትም ደም ግቡ ያልሆነች ሴት አለች፣ እንዲሁም ተቃራኒው። ጸሐፊው ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቢመርጥ አንድ ሰው በዐይናችን ፊት ይቆማል። በጅምላ ቆንጆ ከተባለ ሕዝብ ግን አንድም ፊት አይታየንም፤ ለተወደሰውም ሕዝብ ክብር የሚሆነው አይመስለኝም።

«ትልቅ» ሌላ ዓይነት ጉዳት አለው፤ አንዳንድ ጊዜ ስሕተት ያስጽፋል። አንድ ተማሪ ስለ ሐይቅ ከተማ ሲጽፍ «ትልቅ ሐይቅ አለ» ቢል በስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ውሃ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው ከጣና ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል። «በምኑ?» ብለን ስንጠይቅ ግን ሌላ እውነት ይወጣል፤ የጣና ጥልቀት ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን የእኛው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጣና ሰፊ ነው፣ ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ «ትልቅ» ሁለቱንም ሸፍኖ ነበር። የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናትም «ትልልቅ ሕንፃዎች» ብሎ የሚጽፍ አለ። ግዝፈታቸው አይደለም ሰውን የሚያስደንቀው፤ አለመገንባታቸው ነው። ከዐለት የተፈለፈሉ፣ በመሮ የተወቀሩ ስለሆኑ አማርኛ «ፍልፍል» እና «ውቅር» የሚሉ ቃላት አሉት፤ «ውቅር ቤተ ክርስቲያን» ያለ ሰው ሥራው ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እንደ ሄደ በአንድ ቃል ነግሮናል።

ከዚህ ላይ የአማርኛን ጠባይ የሚመለከት ነገር ልጨምር። ትክክለኛው ቃል ሁልጊዜ ቅጽል ሆኖ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ወይም ግሡ ነው። «ትልቅ ዛፍ» ያለው ልጅ ዋርካ ይሁን ዝግባ ቢነግረን ቅጽሉ ሥራ ይፈታል። «ጠፍጣፋ አናት ያለው ከፍ ያለ ተራራ» የሚለው ሁሉ «አምባ» በሚለው ውስጥ አለ፤ ግሸንን አምባ እንላለን፣ ጦሳን ተራራ እንላለን፣ ልዩነቱን ማንም የደሴ ልጅ ያውቀዋል። ዝናብም እንዲሁ ነው። ካፊያ አለ፣ ዶፍ አለ፣ ነፋስ እየገፋ በመስኮት የሚያስገባው ወጨፎ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ በቀስታ ሲወርድ ደግሞ እኝኝ አለ እንላለን። «ዘንድሮ ጥሩ ዝናብ ዘነበ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለወሎ ገበሬ ምንም አይነግረውም፤ በልግ በሚዘራበት ደጋ የካቲት ላይ የጣለው ዝናብና እህል ታጭዶ ሳለ የደረሰበት ዝናብ በመጠን ቢተካከሉ እንኳ አንዱ በረከት፣ ሌላው ጥፋት ነው።

ደረጃን የምንለይበትም መንገድ አለን። «ነጭ» እና «ነጣ ያለ»፣ «ቀይ» እና «ቀላ ያለ»፣ «ረጅም» እና «ረዘም ያለ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ሳይደርስ ወደዚያ ያዘነበለውን ይናገራል። ተማሪዎች ይህን በንግግራቸው አይስቱትም፣ በጽሑፋቸው ግን አይታይም። «በጣም» ለሚለውም መድኃኒቱ ከዚሁ ሰፈር ነው። በጣም ጨለማ ከማለት ድቅድቅ ጨለማ፣ በጣም ንጹሕ ሰማይ ከማለት ጥርት ያለ ሰማይ፣ በጣም ጥልቅ ገደል ከማለት ጭው ያለ ገደል እንላለን። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው የሚወዳጁት ስም አላቸውና ከወዳጃቸው ነጥለው ቢያዘዋውሯቸው አይሆንም፤ ድቅድቅ ገደል የለም።

ዝርዝርን የምፈራበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ዝርዝር ቃላትን ከጎረቤታቸው ነቅሎ ያሰልፋቸዋል። «አሮጌ» በሚለው ላይ ይሞክሩት። አሮጌ ቤት ይባላል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ጥንታዊ እንጂ አሮጌ አይባልም። ወዳጅ የቆየ ነው፣ ቂም የከረመ ነው፣ ባለሙያ አንጋፋ ነው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው አዛውንት ነው፤ «አሮጌ ሰው» ብሎ የጻፈ ልጅ ሳያስበው ሽማግሌውን ሰድቧል። በቃላት መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ለማሳየት ደግሞ ከቤታችን ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በአምባሰል ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው። የተለያዩት በግሥ እንጂ በቅጽል አልነበረም፤ ያም ሆኖ በመቻልና በግዴታ መካከል ያለው ርቀት እስከ ዐድዋ አድርሷል።

አንድ ነገር ብቻ እንዳይሳሳቱብኝ እፈልጋለሁ፤ ትክክለኛ ቃል ማለት ብርቅ ቃል ማለት አይደለም። አንዳንድ ተማሪ ይህን ምክር ሲሰማ መዝገበ ቃላት ገልጦ ማንም የማይናገረውን የግእዝ ቃል ያመጣል። ያ ቃል አንባቢው ካላወቀው ከ«ጥሩ» ያነሰ ይናገራል። ዳልቻ ለከተማ አንባቢ ጥቂት ቢቸግርም ከዐረፍተ ነገሩ እንዲገባው ማድረግ ይቻላል፤ ጸሐፊው ራሱ የማይሰማውን ቃል ግን ማንም ሊያሰማለት አይችልም።

ስለዚህ ክልከላውን ያንሡላቸው። «ጥሩ» በሰው አንደበት ውስጥ ይኑር፣ ምስክሩ ከተሰማም በኋላ እንደ ፍርድ ይምጣ። ሁለተኛውን ድርሰት ይተዉትና የመጀመሪያውን ለልጁ ይመልሱለት፤ በአራቱ ቦታ ላይ «በምኑ?» ብቻ ጽፈው ለአንድ ሳምንት ወደ ሰፈሩ ይላኩት። ስሙን ያላወቀውን ነገር እናቱንና ጎረቤቱን «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ እንዲጠይቅ ይዘዙት። ነጥብ ሲሰጡም ስንት አዲስ ቃል እንደ ተጠቀመ ሳይሆን፣ ስንቱ «በምኑ?» መልስ እንዳገኘ ይቁጠሩለት።

የሚመጣው ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት ያህል እኔው ልሞክረው፦ «የተወለድኩት ከሀረጎ ቁልቁለት ግርጌ ነው። ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ ከደሴ የሚመጡት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ጠመዝማዛውን ሲወርዱ ከደጃችን ሆነን እንቆጥራቸዋለን። ደሴ ጋቢ የሚያስለብሰው ብርድ እኛ ጋ ሲደርስ ለዘብ ይላል። ጎማ የፈነዳበት ሾፌር ደጃችን ሲቆም ጎረቤታችን ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ቡና ታፈላለታለች፤ ጎማው ቢጠገን እንኳ በረካውን ሳይጠጣ አትለቀውም።» በዚህ ውስጥ «ቆንጆ» የለም፣ «ጥሩ ሰዎች»ም የለም፤ ቅጽል ብለን የምንቆጥረው እንኳ ከአንድ ሁለት አያልፍም። የተማሪዎ ሰፈር የት እንደሆነ ስላልነገሩኝ ሀረጎን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ የራሱን ቁልቁለትና የራሱን ጎረቤት ይጻፍ።